«ጋሼ፣ ዛሬም ሽሮ ነው?»፦ ለጎንደር ውሻ የምግብ አማራጮች ሲነጻጸሩ

ውሻ ማጉረምረም ያውቅበታል። ሳህኑን አሽትቶ ፊቱን ያዞራል፣ በአፍንጫው ገፍቶ ይደፋዋል፣ ደጃፍ ላይ ተዘርሮ የሰባት ዓመት ረሃብ የደረሰበት ይመስላል። ከአፍታ በኋላ የጎረቤት ቆሻሻ ውስጥ ገብቶ የዶሮ አጥንት እየቆረጠመ ይገኛል። ብዙ ባለቤትም የውሻውን ምግብ የሚመርጠው ይህንኑ ተውኔት አይቶ ነው፤ «ይሄን ይወዳል፣ ያንን አይወድም» ይልና ይወስናል።

ችግሩ ውሻ አቤት የሚልበትና ውሻን የሚጎዳው ነገር አንድ አለመሆናቸው ነው። ዓይኑን እያቁለጨለጨ ከሚለምናቸው ነገሮች ጥቂት የማይባሉት ሐኪም ቤት ያደርሱታል፤ ፊቱን ከሚያዞርባቸው ደግሞ ዕድሜ የሚጨምሩለት አሉ። ሁሌም ይሳሳታል ማለት ግን አይደለም። ልክ በሆነበት ቦታ እንፈርድለታለን።

ጎንደር ውስጥ ውሻ በአብዛኛው የሚበላው ከአራት ነገሮች አንዱን ነው፦ የማዕድ ትርፍ፣ የልኳንዳ ትርፍ፣ ለእሱ ተብሎ የሚቀቀል ምግብ፣ ወይም በከረጢት የሚመጣ ደረቅ መኖ። በጾም ወራት ከጣና የሚመጣ ዓሣም አምስተኛ ሆኖ ይገባል። ንጽጽሩ እንዲቀል ከዚህ በታች ያለው ልክ ሁሉ 20 ኪሎ ለሚመዝን፣ ዕድገቱን ለጨረሰ፣ ግቢ ለሚጠብቅ ውሻ የተሰላ ነው።

በምን እንመዝናቸው?

መጀመሪያ ጉልበት። 20 ኪሎ ውሻ በቀን ከ1000 እስከ 1100 ኪሎ ካሎሪ ይበቃዋል። 10 ኪሎ ለሚመዝነው 630 አካባቢ፣ 30 ኪሎ ለሚመዝነው 1400 ገደማ ነው። ክብደቱ እጥፍ ስለሆነ ምግቡ እጥፍ አይሆንም፤ ትንሽ ውሻ በኪሎ ሲሰላ ከትልቁ ይልቅ በላተኛ ነው።

ሁለተኛ ምጥን። ሥጋ ፎስፈረስ ሞልቶት ካልሲየም የሌለው ምግብ ነው። እንጀራም ብቻውን ፕሮቲን ያንሰዋል። በሥጋ ብቻ ያደገ ቡችላ እግሩ የሚወላገደው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሰውነቱ ያጣውን ካልሲየም ከራሱ አጥንት ይበደራል።

ሦስተኛ ደኅንነት፦ መርዝ፣ ትል፣ ስንጥር አጥንት፣ ሻጋታ። አራተኛ ዓመቱን ሙሉ መገኘቱ። ረቡዕና ዓርብ ከሥጋ በሚታቀብ፣ ዐቢይ ጾምን 55 ቀን በሚጾም ከተማ ይህ ትልቅ መለኪያ ነው። አምስተኛ ወጪ፤ ገንዘቡ ብቻ ሳይሆን ከሰሉም፣ የማብሰያው ጊዜም። የውሻው ፍላጎት መጨረሻ ይመጣል፤ ድምፅ አለው፣ ድምፅን በድምፅ የመሻር መብት ግን የለውም።

የማዕድ ትርፍ

«ጋሼ፣ ትናንት ሽሮ፣ ዛሬ ሽሮ። ነገ ደግሞ ዓርብ ነው፤ አውቀዋለሁ።»

እዚህ ላይ ውሻው ልክ ነው፤ ምክንያቱን ግን ስቶታል። እሱን ያስከፋው የሥጋው መጥፋት ነው፤ የሚጎዳው ሽንኩርቱ ነው። ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ባሮ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ የሚያፈርስ ነገር አላቸው። ሲቁላላም፣ ሲደርቅም፣ ዱቄት ሲሆንም አይጠፋም። ውሻ በአንድ ኪሎ ክብደቱ ከ15 እስከ 30 ግራም ቀይ ሽንኩርት ከበላ ደሙ ላይ ለውጥ ይታያል። ለ20 ኪሎ ውሻ ይህ ከ300 ግራም ይጀምራል፤ መካከለኛ ሦስት ራስ መሆኑ ነው። ነጭ ሽንኩርት ግራም በግራም ሲነጻጸር ይብሳል። የእኛ ወጥ መሠረቱ ሽንኩርት ነው፤ ውሻው እንጀራውን ፍትፍት አድርጎ ሲበላ ሳያውቀው ሽንኩርት እየበላ ነው። በአንድ ቀን ልኩ ባይሞላ እንኳ በየዕለቱ ጥቂት ጥቂት ሲደጋገም ጉዳቱ ይጠራቀማል።

ብዙ ሰው የማያስተውለው መዘግየቱን ነው። ምልክቱ የሚታየው ከበላ ከ3 እስከ 5 ቀን ቆይቶ ነው። እሑድ የዶሮ ወጥ ድስት የላሰ ውሻ ሐሙስ ላይ ድዱ ይገረጣል፣ ሲራመድ ይደክመዋል፣ ሽንቱ ቀልቶ ወይም ቡናማ ሆኖ ይወጣል። በዚያን ጊዜ ድስቱን የሚያስታውስ የለም፤ «ዓይነ ጥላ ነው» ወይም «መርዝ ሰጥተውት ነው» ይባላል።

በርበሬው ሆዱን ያቃጥለዋል፤ ያስቀምጠዋል እንጂ አይገድለውም። ንጥር ቅቤው ግን ቀላል አይደለም፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን። እንጀራ ራሱ ምንም አላደረገም፦ ጤፉም ማሽላውም የጉልበት ምንጭ ነው፣ ቡኮው ስለተብላላም ለብዙ ውሻ ይስማማል። የሻገተ እንጀራ ግን «ለሰው ባይሆን ለውሻ ይሆናል» ተብሎ የሚጣል ምግብ አይደለም። የሻጋታ መርዝ ውሻን ከሰው ባልተናነሰ ይጎዳል፤ አንዳንዱ ያንቀጠቅጠዋል፣ በሻገተ በቆሎና በለውዝ ላይ የሚገኘው አፍላቶክሲን ደግሞ ጉበቱን ይጨርሰዋል። ሻጋታውን ቆርሶ የቀረውን መስጠትም አያድንም፤ ዓይን የማያየው ሥር ዘልቆ ገብቷል።

ታዲያ የማዕድ ትርፍ የሚያዋጣው እንዴት ነው? የውሻው ድርሻ ሽንኩርቱ ከመግባቱ በፊት ይነሳ። ምስሩ ሲቀቀል አንድ ጭልፋ፣ ድንቹ ሲቀቀል ሁለት ፍሬ፣ ሥጋው ለብቻው ሲበስል ቁራጩ ለእሱ ይቀመጥ። ሽሮ ላይ ይህ አይሆንም፤ ሽሮ ገና ከመነሻው በሽንኩርት ነው የሚሠራው። ለዚያ ቀን የሚሻለው ድርቆሽ ነው። በደንብ ፀሐይ የመታው ድርቆሽ በደረቅ ዕቃ ወር ይቆያል፤ ሽንኩርትና ጨው ባልገባበት የአጥንት መረቅ ሲርስ ውሻው ራሱ ክሱን ያነሳል።

ስለ ጾሙ አንድ ቃል፦ ውሻ አልተጠመቀም፣ ጾምም አልታዘዘበትም። 55 ቀን ሙሉ በሽሮ የከረመ ውሻ ፀጉሩ ይደበዝዛል፣ ጡንቻው ይቀልጣል። ሥጋ ከጾም ድስት ጋር እንዳይነካካ የሚሰጋ ቤት መፍትሔው ቀላል ነው፤ ለውሻው የራሱ ብረት ድስትና ጭልፋ ይኑረው፣ ከቤት ውጪ ይብሰልለት። የእስላም ልኳንዳዎች በዐቢይ ጾም ስለማይዘጉ ሥጋም ጨርሶ አይጠፋም። ሌላው መንገድ ቅበላ ላይ አስቦ ማደር ነው። ዐቢይ ጾም የሚውለው በደረቁ ወራት ስለሆነ የጎንደር ፀሐይ ለቋንጣ ትስማማለች፦ ስቡ ተገፎ በስሱ ይዘልዘል፣ ያለ በርበሬና ያለ ጨው ይሰቀል፣ ዝንብ እንዳያርፍበት በስስ ጨርቅ ይሸፈን። አንድ ኪሎ ጥሬ ሥጋ ሲደርቅ ከሩብ እስከ ሲሶ ኪሎ ይወጣዋል። ማድረቅ ብቻውን ትልና ጀርም ስለማይገድል ቋንጣው ሳይቀቀል አይሰጥ።

የልኳንዳ ትርፍ

«ጥሬው ነው የሚጥመኝ። እናንተስ ቁርጥ ትበሉ የለ?»

መልስ አለው። ሰው ከጥሬ የበሬ ሥጋ ኮሶ ቢይዘው ሕመሙ የራሱ ነው፣ መድኃኒት ውጦ ይገላገላል። ውሻ ከጥሬ ሳንባና ጉበት የሚይዘው ትል ግን እሱን ትቶ ባለቤቱን ያሳምማል። ትሉ ኢኪኖኮከስ ይባላል። በበግ፣ በፍየልና በከብት ሳንባና ጉበት ውስጥ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ሆኖ ይቀመጣል፤ ያንን የበላ ውሻ አንጀት ውስጥ ገብቶ ጥቂት ሚሊ ሜትር የሚረዝም ትል ይሆናል። ውሻው አይከሳም፣ አያስለው፣ በዓይነ ምድሩም ምንም አይታይም። እንቁላሉ ግን በፀጉሩና በግቢው አፈር ይሰራጫል፤ ልጅ ውሻውን ዳብሶ ሳይታጠብ ዳቦ ሲይዝ ይውጠዋል። ከዓመታት በኋላ ሰውየው ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ያው ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይገኛል፤ ብዙ ጊዜም መፍትሔው ቀዶ ሕክምና ይሆናል።

በቄራ ሲመረመር የተበላሸው ይለያል። አደጋው ያለው ለፋሲካ፣ ለመስቀልና ለዓረፋ በየግቢው በሚታረደው ላይ ነው። አራጁ ሳንባው ላይ ነጭ ቋጠሮ ሲያይ «ይሄ አይበላም» ብሎ ለውሻው ይወረውርለታል። ከሁሉ የከፋው አሠራር ይኸው ነው፤ ቋጠሮ የታየበት ሳንባና ጉበት ወይ ይቃጠል፣ ወይ ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ይቀበር።

ልኳንዳን የሚያዋጣ አማራጭ የሚያደርገው መቀቀል ነው። ሳንባ፣ ጉበት፣ ልብ፣ ጣፊያ በእጅ ጣት ውፍረት ተቆራርጦ፣ ውሃው መፍላት ከጀመረበት ሰዓት አንሥቶ 40 ደቂቃ ይቀቀል። ሳንባ ስለሚንሳፈፍ ክዳኑ ይከደን፣ አንዴ ሁለቴም ይገላበጥ። ይህ እየተደረገም ቢሆን የውጭውን ዓለም የሚዞር ውሻ በየ6 ሳምንቱ የፕራዚኳንቴል ኪኒን ይሰጠው፤ ልኩ በኪሎ 5 ሚሊ ግራም ስለሆነ ለ20 ኪሎ ውሻ 100 ሚሊ ግራም ነው። 6 ሳምንት የተባለው በዘፈቀደ አይደለም፤ ትሉ አድጎ እንቁላል መጣል የሚጀምረው ከዚያ ግድም ስለሆነ ነው።

ከዕቃዎቹ መካከል የትኛው ይሻላል? ልብና ጨጓራ ጥሩ ፕሮቲን ናቸው። ሳንባ ሆድ ይሞላል እንጂ ጉልበቱ አነስተኛ ነው፤ ለወፈረ ውሻ ይህ ጥቅም ነው። ጉበት ቫይታሚን ኤ ስለሚበዛበት ለ20 ኪሎ ውሻ በሳምንት ከ100 እስከ 150 ግራም አይለፍ። ጣፊያ ሲበዛ ያስቀምጣል።

አጥንት ላይ ጠብ አለ። ጥሬ ትልቅ አጥንት ከተቀቀለ አጥንት ይሻላል፤ ሲበስል ይደርቅና ስንጥር ያወጣል፣ ስንጥሩም አንጀት ይበሳል። ቅልጥም ከተሰጠ ከውሻው አፍ የሚበልጥ ይሁን፣ ከ15 ደቂቃ በኋላም ይነጠቅ (ቀድሞ «ና» እና «ተው» ካልተማረ ይህን መሞከር አይገባም)። በመጋዝ በቀለበት መልክ የተቆረጠ ቅልጥም አይሰጥ፤ የታችኛው መንጋጋ ላይ ገብቶ ይቀረቀራል፣ በመቁረጫ ብቻ ይወጣል። አጥንት ሲበዛ ደግሞ ዓይነ ምድሩ እንደ ኖራ ነጭ ደረቅ ይሆንና ያምጠዋል።

አንድ ነገር ይቀራል። ልኳንዳ ደጃፍ የሚውል ውሻ ከባዕድ ውሾች ጋር ይናከሳል። ትርፉ ወደ ቤት ይምጣለት እንጂ እሱ ወደ ትርፉ አይሂድ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱም በየዓመቱ ይታደስ።

ለእሱ ተብሎ የሚቀቀል

እዚህ ላይ ውሻው አያጉረመርምም፤ የሚያጉረመርመው ቀቃዩ ነው። ለ20 ኪሎ ውሻ የአንድ ቀን ልክ ይህን ይመስላል፦

- 300 ግራም ሥጋ፣ ልብ ወይም ጨጓራ (በጥሬው የተመዘነ)
- 130 ግራም ሩዝ፣ የስንዴ ቅንጬ ወይም የበቆሎ ቅንጬ (በደረቁ የተመዘነ)
- 100 ግራም ዱባ ወይም ካሮት
- 1 የሾርባ ማንኪያ ዘይት
- ከሻይ ማንኪያ ግማሽ ትንሽ ከፍ ያለ የእንቁላል ቅርፊት ዱቄት

ይህ 1050 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይሰጣል። ቅርፊቱን መተው አይቻልም፤ የካልሲየሙ ቦታ እሱ ነው። ቅርፊቱ ታጥቦ 10 ደቂቃ ይቀቀልና ይድረቅ፣ ከዚያ በቡና መፍጫ ወይም በሙቀጫ እንደ ዱቄት ይልም። ሻካራ ከሆነ ጉሮሮውን ይፍቀዋል፣ ሆዱም ሳይፈጨው ያልፋል። ዱቄቱ ምግቡ ከወረደ በኋላ ይነስነስ።

አሠራሩ፦ ሥጋው በ2 ሊትር ውሃ ግማሽ ሰዓት ከተቀቀለ በኋላ ቅንጬውና ዱባው ይጨመርና ሌላ 20 ደቂቃ ይብሰል። የሆድ ዕቃ ከሆነ 40ው ደቂቃ አይጓደል። ጥራጥሬው እስኪላሽቅ መብሰል አለበት፤ ያልበሰለ ቅንጬ እንደገባ ይወጣል። ማቀዝቀዣ ያለው ቤት የ3 ቀኑን በአንዴ ቢያበስል ከሰልም ጊዜም ይቆጥባል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰሞን ግን የዕለቱ በዕለቱ ይሁን፤ ጠዋት የወጣ ቅቅል ለማታ አይቀመጥ።

ደካማ ጎኑ የሚታየው ከወራት በኋላ ነው። ይህ ድስት ዚንክ፣ ቫይታሚን ዲና ቫይታሚን ኢ ያንሰዋል። በሳምንት ሁለትና ሦስት የተቀቀለ እንቁላል፣ ከላይ የተባለው ጉበትና አንድ ቀን ዓሣ ክፍተቱን ያጠቡታል እንጂ አይደፍኑትም፤ ለዓመታት በዚህ ብቻ የሚኖር ውሻ የማዕድን ድብልቅ ስለሚያስፈልገው የእንስሳት ሐኪም ያማክሩለት። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ያለው መሆኑ የከተማው ባለውሻ ዕድል ነው።

ሥጋ በጠፋበት ሳምንት 300 ግራሙን ሥጋ በ150 ግራም ደረቅ ምስር ክክና በ2 እንቁላል መተካት ይቻላል። ምስሩ ያለ ሽንኩርት እስኪሟሟ ይቀቀል። ፈስ ያበዛል፤ ቤት ውስጥ ለሚያድር ውሻ ይህ የባለቤቱ ፈተና ነው።

የጣና ዓሣ

ከጎርጎራ በኩል የሚመጣ ቆሮሶና አምባዛ ሲገፈፍ ጭንቅላቱና አከርካሪው ይጣላል። ያ የሚጣለው በጾም ወራት ከሁሉ የረከሰ ፕሮቲን ነው። ጥሬውን አይስጡ፤ ዓሣም የራሱ ትል አለው። 30 ደቂቃ ተቀቅሎ ሥጋው በእጅ ከአጥንቱ ይላቀቅ፤ የአምባዛ የክንፍ እሾህ ቀድሞ ተቆርጦ ይውጣ። መረቁ ድርቆሽ ያርሳል። ውሻው ስለ ሽታው ምንም ቅሬታ የለውም፣ ቅሬታው የጎረቤት ነው።

የከረጢት ደረቅ መኖ

«እትዬ፣ ይሄ ጠጠር ነው። ባለፈው ሳምንት መንገዱ ላይ ያነጠፉት እሱን ነው።»

ውሻው ከሁሉ በላይ የሚሳሳትበት እዚህ ነው። በአግባቡ የተመረተ ደረቅ መኖ ከአራቱ አማራጮች በምጥን ሙሉ የሆነው ብቸኛው ነው። 100 ግራሙ ከ350 እስከ 400 ኪሎ ካሎሪ ስላለው 20 ኪሎ ውሻ በቀን 280 ግራም አካባቢ ይበቃዋል። ሳህኑ ላይ ትንሽ መስሎ ይታያል፤ ባለቤት «ይሄማ ምኑን ይበላዋል» ብሎ እጥፍ ያደርግና በሦስት ወር ውሻው በርሜል ይሆናል።

ሲገዙ የሚያዩት የከረጢቱን ሥዕል አይሁን። ጽሑፉ ላይ «ኮምፕሊት» የሚለው ብቻውን የሚበቃ መኖ ሲሆን፣ «ኮምፕለመንታሪ» የሚለው ከሌላ ጋር የሚሰጥ ተጨማሪ ነው። ለቡችላ፣ ለአዋቂ ወይም ለአረጋዊ መሆኑንና የሚያበቃበትን ቀን ያንብቡ። ከተከፈተ ከረጢት በኪሎ እየተሰፈረ የሚሸጠው ከሙሉው ርካሽ ይመስላል፤ ግን መቼ እንደተከፈተ አይታወቅም፣ ስቡም አየር ሲያገኘው ይከረፋል። የተከፈተ ከረጢት በ6 ሳምንት ውስጥ ቢያልቅ ይመረጣል። ሐምሌና ነሐሴ እርጥበት ስለሚበዛ መኖው ከነከረጢቱ ክዳን ያለው ባልዲ ውስጥ ይቀመጥ፤ ወደ ባዶ ባልዲ ከተገለበጠ የቀኑ ጽሑፍም ይጠፋል፣ ግድግዳው ላይ የቀረው አሮጌ ስብም አዲሱን ያበላሻል።

ወጪውን በከረጢት ሳይሆን በቀን ያስሉት። 15 ኪሎ ከረጢት በቀን 280 ግራም ሲወጣለት 53 ቀን ይሄዳል፤ የከረጢቱ ዋጋ ከአዲስ አበባ የመጣበት ጭነት ተጨምሮበት ለ53 ይካፈል። ከዚያ ይህን የቀን ዋጋ ከ300 ግራም ሥጋ፣ ከሩዙና ከከሰሉ ዋጋ ጋር ያስተያዩት። ልዩነቱ አንዳንዴ ከተገመተው ያንሳል።

እምቢ ካለ ለብ ያለ ውሃ አፍስሰው 10 ደቂቃ ቢያርሱት ሽታው ይነሳለታል። ደረቁን የሚበላ ውሻ በቀን ቢያንስ 1 ሊትር ውሃ ከአጠገቡ ይኑር።

እግረ መንገድ፦ የዶሮ መኖ የውሻ መኖ አይደለም። የእንቁላል ጣይ ዶሮ መኖ ካልሲየሙ ለውሻ ከልክ ያለፈ ነው፤ አንዳንዱም ለዶሮ በሽታ መከላከያ የሚጨመርበት መድኃኒት አለ፣ ሞኔንሲንን የመሰለው የውሻን ጡንቻና ልብ ይጎዳል። ፉርሽካም ሆድ መሙያ ብቻ ነው።

ልመናዎቹ

ማንም አማራጭ ቢመረጥ ውሻው ጠረጴዛ ሥር መጥቶ መለመኑ አይቀርም። ጥቂቶቹን እንመልስለት።

የፋሲካ ዕለት ቅባት፦ 55 ቀን የጾመ ቤት ሲፈስክ ውሻውም የጮማ ቁራጭ፣ የቅቤ ድስትና የዶሮ ቆዳ በአንድ ጊዜ ይወርድበታል። ጣፊያ አጠገብ ያለው ቆሽት ይቆጣል። ማስመለስ ይደጋግመዋል፣ የፊት እግሩን ዘርግቶ ደረቱን መሬት ያስነካና ወገቡን ከፍ ያደርጋል። ይህን አይቶ «እንኳን አደረሳችሁ እያለ ነው» ብሎ የሚስቅ አለ፤ ሆዱን እያመመው ነውና የዚያኑ ቀን ሐኪም ይየው።

የዶሮ አጥንት፦ የበሰለ ከሆነ በጭራሽ። ሊጥ፦ ሆዱ ውስጥ ይነፋል፣ ሲብላላም አልኮል ይሠራል። የጠላ አተላ፦ ከብት ስለወደደው ውሻ አይችለውም፣ ይሰክራል። የቡና አተላ፦ ሦስተኛው ላይ የቀጠነው እንኳ ካፌይን አያጣም፤ ሲደፋ ውሻው በማይደርስበት ይሁን። ቸኮሌት፣ ዘቢብና ስኳር የለሽ ማስቲካ መርዝ ናቸው፤ ማስቲካው ውስጥ ያለው ዛይሊቶል ጥቂቱም ቢሆን ስኳሩን ያወርደዋል። ወተት አብዛኛውን አዋቂ ውሻ ያስቀምጠዋል፤ እርጎ ጥቂት ማንኪያ ይችላል። አቮካዶ ካገኘ የሚያሳስበው መሃሉ ላይ ያለው ትልቁ ዘር ነው፣ አንጀት ይዘጋል።

የሚፈቀድለትም አለ፦ የካሮት ቁራጭ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ሙዝ፣ ጨው ያልነካው የሽምብራ ንፍሮ። ይህ ሁሉ ጉርሻ ተደምሮ ከቀኑ ምግብ አንድ አሥረኛ አይብለጥ።

ባንድ ዓይን

| | የማዕድ ትርፍ | የልኳንዳ ትርፍ | የቤት ቅቅል | ዓሣ | ደረቅ መኖ |
|---|---|---|---|---|---|
| ምጥን | ደካማ | ፕሮቲን ጥሩ፣ ካልሲየም የለም | ቅርፊት ካለው ጥሩ | ጥሩ ማሟያ | ሙሉ |
| ዋና አደጋ | ሽንኩርት፣ ሻጋታ | የሳንባና ጉበት ትል፣ ስንጥር | የማዕድን እጥረት | እሾህ | መክረፋት፣ ከልክ ማብዛት |
| በጾም | ሁሌ አለ | ይቀንሳል | በእንቁላልና ምስር ይዘልቃል | ከሁሉ ይሻላል | ለውጥ የለውም |
| ገንዘብ | ከሁሉ ዝቅተኛ | ዝቅተኛ | መካከለኛ | ዝቅተኛ | ከፍተኛ |
| ድካም | የለም | 40 ደቂቃ ማፍላት | ከሁሉ በላይ | አጥንት መልቀም | የለም |
| የውሻው ፍርድ | «ዛሬም?» | «ጥሬውን!» | ሳህኑን ይልሳል | ሳህኑንም ወለሉንም | «ጠጠር» |

ለማን የትኛው?

ኪስ ለጠበበ ቤት፦ ድርቆሽ በአጥንት መረቅ፣ ከሽንኩርት በፊት የተነሳ የማዕድ ድርሻ፣ በሳምንት ሦስት ቀን 40 ደቂቃ የፈላ የልኳንዳ ትርፍ፣ በየቀኑ የእንቁላል ቅርፊት። ከዚህ የሚተርፍ አንድ ብር ካለ ለትል መድኃኒቱ ይዋል።

ማቀዝቀዣና የሚያበስል ሰው ላለው፦ የቤት ቅቅል። ቅዳሜ ገበያ ወርዶ የሳምንቱን ዱባና ጥራጥሬ መያዝ፣ ሥጋውን ለሁለት ጊዜ ከፍሎ መግዛት ይበቃል።

ቀኑን ሙሉ ሥራ ለሚውል ወይም አዘዞ አድሮ ለሚመለስ፦ ደረቅ መኖ። ዋጋው ከከበደ ግማሽ በግማሽ፤ ጠዋት 140 ግራም ደረቅ መኖ፣ ማታ 150 ግራም ሥጋ ከ65 ግራም ቅንጬ ጋር። ለአብዛኛው የጎንደር ቤት የተሻለ የሚመስለን ይኸው ቅይጥ ነው፦ ከረጢቱ የጎደለውን ማዕድን ይሞላል፣ ድስቱ ወጪውን ይቀንሳል፣ ውሻውም ማታ ማታ የሚጠብቀው ነገር ያገኛል።

ለቡችላ፦ የሚቻል ከሆነ የቡችላ ደረቅ መኖ፣ በተለይ እንደ ጀርመን ሼፐርድ ትልቅ ለሚሆነው። ስለ አጥንቱ በግምት የሚሠራበት ዕድሜ አይደለም። እስከ 4 ወሩ በቀን 4 ጊዜ፣ እስከ 6 ወሩ 3 ጊዜ፣ ከዚያ 2 ጊዜ ይብላ።

ጥርሱ ለረገፈ አሮጌ ውሻ፦ የረሰረሰ መኖ ወይም የላሸቀ ቅቅል፤ አጥንት ይቅር፣ ቢያለቅስም።

ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገሩ ሳምንት ይስጡት፦ መጀመሪያ ሁለት ቀን ሩቡ አዲስ፣ ቀጥሎ ሁለት ቀን ግማሹ፣ ከዚያ ሁለት ቀን ሦስት አራተኛው፣ በሰባተኛው ቀን ሙሉ። ከወር በኋላ ሚዛን ላይ ውሻውን ታቅፈው ይውጡ፣ የራስዎን ክብደት ይቀንሱ። የጎን አጥንቱ በእጅ ሲዳበስ የሚቆጠር፣ በዓይን ሲታይ ግን የማይቆጠር ከሆነ ልኩ ላይ ነው። ጨርሶ ካልተዳሰሰ አንድ አሥረኛ ይቀንሱለት፤ በማግስቱ ማለዳ ባዶ ሳህኑን በአፉ ይዞ መኝታ ቤት በር ላይ ይገኛል።